ስለ ተፈናቃዮች ልጆች ክትባት

ከቀዬው የተፈናቀለ ሕዝብ ወደ ጎበሳ በተጠጋ ጊዜ ሹማምንት አስቀድመው የሚያስቡለት ስንዴውን ነው፤ ይህም ደግ ነው። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ረኃብተኛው በጎዴ ሲሰበሰብ ኩፍኝ ገባበት፥ ክትባቱም ዘገየ። በኋላ ቤተ ሰቦች ተጠይቀው በተደረገው ምርመራ፥ ሞተው ከተቈጠሩት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 159 ሕፃናት 35ቱን የገደለው ኩፍኝ ብቻውን ወይም ከክሳት ጋራ ተባብሮ ሆኖ ተገኘ።

ጎዴ ቈላ ነው። በአርሲ ደጋ ግን ብርዱ ሰውን በአንድ ጣራ ሥር አፋፍጎ ስለሚያሳድር በሽታው ይፈጥናል። ስለዚህ መዝገቡ ተጽፎ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ፥ ከ6 ወር እስከ 15 ዓመት ያለው ልጅ ሁሉ በደረሰበት ቀን ይከተብ። ካህናትም ልጇን የምትደብቅ እናት እንዳትኖር ከቅዳሴ በኋላ ይንገሩ፤ በዚህ ነገር ቃላቸው ከሹም ትእዛዝ ይልቅ ይሰማልና።