የፋየርዎል መዝገብ ማን ዘንድ ይቀመጥ? ማንስ ያንብበው?

ለቅዳሜ ኦክቶበር 28 ቀን 2023 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7፡30 ሰዓት ላይ፣ ለንደን ከሚገኘው ብሪቲሽ ላይብረሪ ኔትዎርክ 440 ጊጋባይት ያህል መረጃ ወደ ውጭ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን እንደ እኛ ነው።) ሲነጋ ሠራተኞቹ ወደ ኔትዎርካቸው መግባት አቃታቸው። ሪሲዳ የተባለው የወንጀለኞች ቡድን ሰርቨሮቹን ቆልፎ 20 ቢትኮይን ቤዛ ጠየቀ። ቤተ መጻሕፍቱ አልከፍልም አለ። በኖቬምበር ወር ወደ 600 ጊጋባይት የሚጠጋ የሠራተኞችና የአንባቢዎች መረጃ በድብቁ የኢንተርኔት ገበያ ተበተነ።

ጉዳዩ የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ይዟቸው ከወጣው የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ዛሬ በዚሁ ቤት ይገኛሉ። ይመለሱ የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚሻ ነው፤ እስከዚያው ግን ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የተቀመጠ ተመራማሪ ወደ ለንደን ሳይጓዝ ሊያነብ የሚችለው ዲጂታል ቅጂ የተዘጋጀላቸውን ብቻ ነበር። ከጥቃቱ በኋላ እነዚያም ለረጅም ጊዜ ከኢንተርኔት ጠፉ። ብራናው ከመደርደሪያው አልተነካም፤ ወደ ብራናው የሚወስደው መንገድ ግን ተቆረጠ።

ቤተ መጻሕፍቱ በማርች 2024 ያወጣው ዘገባ ለአንድ የመንግሥት ተቋም ያልተለመደ ግልጽነት የታየበት ነው፤ ለዚህም ሊመሰገን ይገባል። ከዘገባው እንደምንረዳው፣ ወራሪዎቹ ኔትዎርኩ ውስጥ እንደነበሩ የሚያሳየው የመጀመሪያው ማስረጃ የኦክቶበር 25 ምሽት ነው። በዚያው ሌሊት 7፡15 ላይ ለደኅንነት ኃላፊው አጠራጣሪ እንቅስቃሴ እንዳለ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። የእንቅስቃሴ መዝገቦች ተመረመሩ፤ ዐይን የሚስብ ተንኮል ግን አልተገኘባቸውም። ከሁለት ሌሊት በኋላ መረጃው ወጣ። ወራሪዎቹም ዱካቸውን ለማጥፋት አንዳንድ ሰርቨሮችን አወደሙ፤ ስለዚህም በትክክል በየት በኩልና እንዴት እንደገቡ እስከ ዛሬ ድረስ «ሳይሆን አይቀርም» እየተባለ ነው የሚነገረው። ዘገባው ከዘረዘራቸው 16 ትምህርቶች ውስጥ ቀዳሚው የኔትዎርክ ክትትልን ማጠናከር የሚል መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

ፋየርዎል በኔትዎርክ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። ማን፣ ከየት፣ ወዴት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል መረጃ ይዞ እንዳለፈ ወይም እንደተመለሰ በመዝገብ ያሰፍራል፤ ይህ መዝገብ በሙያው አነጋገር ሎግ ይባላል። ችግሩ የሚጀምረው ዘበኛው መዝገቡን እዚያው በሩ ላይ ብቻ ሲያስቀምጥ ነው። የመሣሪያው ማከማቻ ጠባብ ስለሆነ አዲሱ አሮጌውን እየሰረዘ ይሄዳል፤ በሥራ በሚጠመድ ተቋም ይህ የጥቂት ቀናት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል የሰረቀ ሌባ ደግሞ መዝገቡንም ሊያጠፋው ይችላል። መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም፤ እያንዳንዱ መስመር በተጻፈበት ቅጽበት ወደ ሌላ ስፍራ፣ ወደ ማዕከላዊ መከታተያ ሥርዓት፣ እንዲተላለፍ ማድረግ ነው። እዚያም ከኢሜይሉ፣ ከሰርቨሩና ከተጠቃሚዎች መግቢያ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን ይነበባል። በሩ ላይ ብቻውን ሲታይ ተራ የሚመስል መስመር፣ ያው ተጠቃሚ በዚያች ሰዓት ከሌላ አገር እንደገባ ከሚያሳይ መስመር ጋር ሲገጥም ትርጉሙ ይለወጣል። ለዚህ ግን የሁሉም መሣሪያዎች ሰዓት አንድ መሆን አለበት። አንዱ አምስት ደቂቃ ከቀደመ ምስክርነታቸው አይገጥምም።

ከዚህ ላይ የምክር ቤት አባላት ረዳቶች በተለይ እንዲያጤኑት የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። የማዕከላዊ መከታተያ ሥርዓት ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚተመነው በየቀኑ በሚገባው የመዝገብ መጠን ነው። በጀት ሲያጥር ተቋማት የሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ ፋየርዎሉ ያገዳቸውን ሙከራዎች ብቻ ያስተላልፉና ያለፉትን ይተዋሉ። የተፈቀደው ትራፊክ እጅግ ብዙ ነው፤ መቀነሱም ወጪውን ይቀንሳል። ሆኖም የታገደው መስመር የሚነግረን ሙከራው ስላልተሳካለት ሌባ ነው። የተሳካለት ሌባ ያለው በተፈቀደው ውስጥ ነው። በአንድ ሌሊት 440 ጊጋባይት የወጣው በሩ ስለተሰበረ ሳይሆን መውጫው ክፍት ስለነበረ ነው። እናም አንድ ካውንስል ወይም ሆስፒታል «መዝገባችንን ወደ ማዕከል እናስተላልፋለን» ሲል ቀጣዩ ጥያቄ «የትኛውን?» መሆን አለበት።

የሃክኒ ካውንስል ነዋሪዎች ይህን በራሳቸው ኑሮ አይተውታል። በኦክቶበር 2020 የገቡት ወንጀለኞች 440,000 ፋይሎችን ቆለፉ፤ ጉዳቱ ቢያንስ 280,000 ሰዎችን ነካ። 9,605 መዝገቦች ተሰርቀው ወጡ። የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በጁላይ 2024 ካውንስሉን ሲወቅስ እንደገለጸው፣ ከተጋለጠው መረጃ ውስጥ የነዋሪዎች ዘር፣ ሃይማኖትና የጤና ሁኔታ ይገኝበታል። በጁን 2024 ደግሞ ለኪንግስ ኮሌጅና ለጋይስና ሴንት ቶማስ ሆስፒታሎች የደም ምርመራ የሚሠራው ሲኖቪስ ተጠቃ፤ ከ10,000 በላይ የሐኪም ቀጠሮዎች ተራዘሙ። ከአንድ ዓመት በኋላ ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል፣ የአንድ ታካሚ ሞት ካስከተሉት ምክንያቶች አንዱ በጥቃቱ ሳቢያ የዘገየ የደም ምርመራ ውጤት መሆኑን አረጋግጧል። እነዚህ ጥቃቶች መነሻቸው የተለያየ ነው፤ ለምሳሌ የሃክኒው ያልታደሰ ሶፍትዌርና ደካማ የይለፍ ቃል ያለው የተረሳ አካውንት ነበረበት። መዝገብ ማስተላለፍ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር አንልም። የምንለው፣ ሌባው ከገባ በኋላ ያለው ሰዓት የሚያጥረው ወይም የሚረዝመው በክትትል ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የ2018ቱ የኔትዎርክና የመረጃ ሥርዓቶች ደንብ ኃይልን፣ ውኃን፣ ትራንስፖርትን፣ ጤናንና የመሳሰሉትን ይመለከታል። በኖቬምበር 2025 ለታችኛው ምክር ቤት የቀረበው የሳይበር ደኅንነትና መቋቋም ረቂቅ ሕግ ክልሉን ያሰፋል፤ የመረጃ ማዕከላትንና ለሌሎች ተቋማት የኮምፒውተር አገልግሎት በውል የሚሰጡ ኩባንያዎችን ያስገባል፤ ከባድ ጥቃት የደረሰበት ወገን በ24 ሰዓት የመጀመሪያ ማስታወቂያ፣ በ72 ሰዓት ሙሉ ሪፖርት እንዲያቀርብ ያስገድዳል። መልካም ነው። ግን የአካባቢ ካውንስሎችም ሆኑ ብሪቲሽ ላይብረሪን የመሰሉ ተቋማት በግዴታው ክልል ውስጥ አልገቡም፤ ለእነርሱ የቀረላቸው የብሔራዊ የሳይበር ደኅንነት ማዕከል መመሪያና የግምገማ ማዕቀፍ ነው። መመሪያው አስፈላጊ መዝገቦች ቢያንስ ለ6 ወራት እንዲቀመጡ ይመክራል። ምክር ግን በጀት አያስመድብም። ደግሞስ መዝገብ ያልያዘ ተቋም በ72 ሰዓት ውስጥ ምን ብሎ ነው ሪፖርት የሚያደርገው?

እዚህ ላይ አንድ ትዝብት እንጨምር። ማዕከሉ አቅም ለሌላቸው ተቋማት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን መዝገብ በነጻ ወደ አንድ ቦታ የሚሰበስብ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። በማርች 2023 ድጋፉን አቆመ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲ ተረክቦ በራሱ ስም አወጣው፤ ብሪቲሽ ላይብረሪ በተጠቃበት ወር መሆኑ ነው። መሣሪያው ያን ጥቃት ይከላከል ነበር ለማለት አይደለም። የመንግሥት ቅድሚያ ወዴት እንደሚያዘነብል ግን ያሳያል።

እስካሁን የተናገርነው ይሰብሰብ፣ ይተላለፍ፣ ይነበብ የሚል ነው። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ይህን ሲሰሙ ልባቸው የሚያመነታ መሆኑን እናውቃለን፤ ምክንያትም አላቸው። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2014 እንደዘገበው፣ በኢትዮጵያ የጸጥታ ሰዎች የቴሌኮም መዝገቦችን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደልባቸው ያዩ ነበር፤ ተመርማሪዎች ከውጭ አገር ሰው ጋር የተነጋገሩት በምርመራ ክፍል ይቀርብባቸው ነበር። በዚያው ዓመት ለንደን በሚኖር አንድ የግንቦት 7 አመራር አባል ኮምፒውተር ላይ ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር በመገኘቱ ፕራይቬሲ ኢንተርናሽናል ለብሪታንያ ፖሊስ አቤቱታ አቅርቧል። ስለዚህ «መዝገቡ ለደኅንነታችሁ ነው» የሚለው ቃል ለእኛ ማኅበረሰብ እንግዳ አይደለም።

ብሪታንያም ከዚህ ነጻ አይደለችም። በ2016ቱ የምርመራ ሥልጣን ሕግ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች የደንበኞቻቸውን የግንኙነት መዝገብ እስከ 12 ወር እንዲያስቀምጡ ሊታዘዙ ይችላሉ። ከዚህ ይበልጥ ግን ሊያሳስበን የሚገባው ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ስምምነት ነው፤ ለሕክምና የተሰጠ የታካሚ አድራሻ ለአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የኢሚግሬሽን ክፍል ይተላለፍ ነበር። ይህም የተገታው በ2018 ከብርቱ ተቃውሞ በኋላ ነው። መረጃው የተሰበሰበው በቅን ልቦና ነበር። የአቅጣጫው መቀየር ግን ማንንም አላስፈቀደም።

አሁን አንድ ጥገኝነት ጠያቂ በካውንስሉ ቤተ መጻሕፍት ዋይፋይ የሕግ ምክር የሚሰጥ ድርጅት ገጽ ከፈተ እንበል። የካውንስሉ ፋየርዎል መሣሪያውን፣ ሰዓቱንና የሄደበትን አድራሻ ይመዘግባል። ያ መስመር ወደ ማዕከላዊ መከታተያ ከተላለፈ፣ ከሌሎች መዝገቦች ጋርም ከተጣመረ፣ የአንድን ሰው ኑሮ ማንበብ ይቻላል። የማዕከላዊነት ጥቅሙም ጉዳቱም ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፤ የተበታተነውን ያገናኛል። ይህን ፈርቶ መዝገቡን አለመሰብሰብ ግን የሃክኒን ነዋሪዎች ዘርና ሃይማኖት ለወንጀለኛ ክፍት አድርጎ መተው ነው። ሁለቱም የሚጎዱት ያንኑ ሰው ነው።

ስለዚህ ረቂቁን የሚከታተሉ የምክር ቤት አባላት ሁለቱን በአንድ አንቀጽ እንዲያስሩ እንጠይቃለን። የአካባቢ ካውንስሎችና የሕዝብ መረጃ የያዙ ብሔራዊ ተቋማት፣ ያለፈውንም የታገደውንም የሚያሳይ የፋየርዎል መዝገባቸውን ተመሥጥሮ በሚጓዝ መንገድ ከራሳቸው አስተዳዳሪዎች የይለፍ ቃል ውጭ ወደሆነ ማከማቻ እንዲያስተላልፉና ቢያንስ ለ6 ወራት እንዲያቆዩ ይገደዱ። በዚያው አንቀጽ መዝገቡ ለሳይበር ደኅንነት ብቻ እንዲውል፣ ለኢሚግሬሽን ቁጥጥር እንዳይተላለፍ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲጠይቅ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲያቀርብ፣ የሚያነብበው ሠራተኛም ራሱ በመዝገብ እንዲያዝ ይደንገግ። ለሕዝብ የተከፈተው ዋይፋይ ከሠራተኞች ኔትዎርክ ተለይቶ ዕድሜው ያጠረ መዝገብ ይኑረው። ወጪውን በተመለከተ፣ የለንደን 33 የአካባቢ አስተዳደሮች እያንዳንዳቸው ሌሊቱን የሚያነጋ ባለሙያ ይቅጠሩ ማለት ከንቱ ነው። ተሰባስበው አንድ የጋራ ክትትል ማቋቋም ይችላሉ፤ የመነሻ ገንዘቡን ግን ግዴታውን የሚጥለው መንግሥት ሊሸፍን ይገባል።

ረቂቁን ሳንጠብቅ ልንሠራው የምንችለውም አለ። በ2000 በወጣው የመረጃ ነጻነት ሕግ ማንኛውም ሰው ለካውንስሉ ጽፎ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ሊያገኝ ይችላል። የፋየርዎሉን ዓይነትና አሠራሩን ብንጠይቅ ለደኅንነት ሲባል ሊከለክሉን ይችላሉ፤ ትክክልም ናቸው። እንጠይቅ የምንለው አራት ነገር ነው፦ የፋየርዎል መዝገብ ከመሣሪያው ውጭ ይቀመጣል ወይ፣ ለስንት ጊዜ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚከታተለው አለ ወይ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታትስ ከካውንስሉ ውጭ ያለ መሥሪያ ቤት መዝገቡን ጠይቆ ያውቃል ወይ። የሚመጣውን መልስ ለአካባቢያችሁ የምክር ቤት አባል ቢሮና ለዚህ ድርጅት ላኩ፤ ከ33ቱ አስተዳደሮች የተሰበሰበው መልስ ረቂቁን ለሚመረምረው ኮሚቴ እንደ ማስረጃ ይቀርባል።