ጥፋቱ ሁሉ የነፋስ ነውን?



ሰሞኑን በመሥሪያ ቤታችን ሻይ ስንጠጣ፣ ዐውሎ ነፋስ በባሕር ላይ ስለሚያፈርሳቸው የነዳጅ ማውጫ መድረኮች ጨዋታ ተነሥቶ አንድ ባልደረባዬ «የእግዜር ቍጣ ነው፤ ማን ይጠየቅበታል?» አለ። እኔ ግን በዚህ አሳብ አልስማማም።

የነፋሱ ኀይል ቀላል እንዳልሆነ አልክድም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. ካትሪናና ሪታ የተባሉት ዐውሎ ነፋሶች በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከ100 የሚበልጡ መድረኮችን ደምስሰዋል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሆነው ነው። በ2004 ኢቫን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ባሕሩን ሲያናውጥ፣ በአሜሪካ ሉዊዚያና ጠረፍ ፊት ለፊት የባሕሩ ወለል ጭቃ ተናደና ቴይለር ኢነርጂ የተባለው ኩባንያ መድረክ ተገለበጠ፤ ጕድጓዶቹም በደለል ተቀበሩ። እስከዚህ ድረስ ነፋሱ ይከሰስ። ነገር ግን ነፋሱ በጥቂት ቀን ሲያልፍ፣ ዘይቱ ከ14 ዓመት በላይ ሲፈስ ኖረ!

ምክንያቱን ስመረምር ያገኘሁት እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በደንብ የምናውቀውን ነገር ነው። የሚፈሰው ምን ያህል ነው ሲባል ኩባንያው በቀን 3 ጋሎን እንኳ አይሞላም ይል ነበር፤ ይኸውም የአንድ ጀሪካን ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። በ2019 የመንግሥት ሊቃውንት በመሣሪያ ቢለኩት በቀን ከ9 እስከ 108 በርሜል ሆኖ ተገኘ። የነዳጅ በርሜል 159 ሊትር ስለሆነ፣ ትንሹ ግምት እንኳ ከ1,400 ሊትር ይበልጣል። ሕዝቡም ቢሆን ነገሩን በሰፊው ያወቀው በ2010 በዚያው ባሕር ሌላ ታላቅ የዘይት መፍሰስ በደረሰ ጊዜ ነው፤ ያንን የሚከታተሉ ሰዎች ከዚያ ያልመጣ ዘይት በውሃው ላይ አዩ።

በሌላው ላይ ስፈርድ ራሴን ነጻ አላደርግም። እኔም የሥራ ተቋራጩ በራሱ እጅ የጻፈውን ቍጥር፣ ስፍራው ድረስ ሄጄ ሳላይ፣ ማኅተም አስመትቼ ወደ በላይ አስተላልፌ አውቃለሁ። ከፋዩ ራሱ ለኪ ሲሆን ጋሎኑ መቼም አይሞላም።

በ2019 የአሜሪካ የጠረፍ ጥበቃ ሌላ ተቋራጭ ቀጥሮ ዘይቱን ከባሕር ወለል የሚያጠራቅም መሣሪያ አስተከለ። ሥራው የፈጀው ወራት ብቻ ነው። ይህንኑ ለባልደረባዬ ብነግረው ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና «ታዲያ በዚያ በ3 ጋሎኑ ወረቀት ላይ ማን ፈረመበት?» ሲል ጠየቀኝ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ