ደሴቶቹ የእኛም ናቸው

ስቶክሆልም ውስጥ ልጆች የምናሳድግ ኢትዮጵያውያን ዱባይንና ኢስታንቡልን በደንብ እናውቃለን። ከከተማው በስተምሥራቅ ባልቲክ ባሕር ላይ የተበተኑትን ደሴቶች ግን አብዛኞቻችን በሥራ ባልደረባ ወሬ ብቻ ነው የምናውቃቸው። ዛፍ የበቀለበትም፣ ራቁቱን የቀረው ዓለትም አንድ ላይ ሲቆጠር ወደ 30 ሺህ ይጠጋል። «እሱ የሀብታም ቦታ ነው፤ የራሱ ጀልባ ያለው፣ የበጋ ቤት ከአያቱ የወረሰ የሚሄድበት» ሲባል ቤተ ክርስቲያን ደጅም፣ ለቅሶ ቤትም ሰምቻለሁ። ይህ አነጋገር እውነት አይደለም፤ ልጆቻችንንም ከሚገባቸው ነገር እያራቃቸው ነው።

የስዊድን ሕግ ማንም ሰው የሌላው ይዞታ በሆነ ጫካ ውስጥ እንዲራመድ፣ የዱር ፍሬና እንጉዳይ እንዲለቅም፣ ከመኖሪያ ቤት ራቅ ብሎ ለአንድ ሌሊት ድንኳን እንዲተክል ይፈቅድለታል። መብቱ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ሰፍሯል። ከ1975 ጀምሮ ደግሞ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከባሕርና ከሐይቅ ዳር 100 ሜትር ድረስ አዲስ ቤት መሥራት በአጠቃላይ ክልክል ነው፤ ልዩ ፈቃድ ያገኘ ካልሆነ በቀር። በ1959 የተቋቋመ አንድ የደሴቶች ፋውንዴሽንም መሬት እየገዛ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ይዟል። ነጫጮቹን መርከቦች የሚያስኬደው ቫክስሆልም የተባለው ኩባንያ ከ1869 ጀምሮ ያለ ሲሆን ዛሬ የሕዝብ ነው። ደሴቶቹ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩ ሰዎች ስላሉ መርከቦቹ ክረምት ከበጋ ይመላለሳሉ። በትንንሾቹ ወደቦች ላይ አንድ ምሰሶና ሰሌዳ አለ፤ መሳፈር የፈለገ ሰው ሰሌዳውን ያዞረዋል፣ ካፒቴኑም ከሩቅ አይቶ ይመጣለታል። ሰሌዳውን ያዞረው ሰው የየት አገር ሰው እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

እዚያ እንዳንደርስ የሚያደርገን ልማዳችን ነው። ለእኛ ዕረፍት ማለት አገር ቤት ነው። ዓመት ሙሉ የሌሊት ፈረቃ ሠርተን የተጠራቀመውን ለቲኬት፣ ለስጦታና ለዘመድ እናውላለን። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ እናቴን ሳላይ የሚያልፍ ዓመት አልፈልግም። ግን አገር ቤት በማንሄድባቸው የበጋ ሳምንታት ልጆቹ ቴንስታና ሼርሆልመን በሚባሉት የከተማው ሰፈሮች ውስጥ ከአፓርታማው ወደ ገበያ ማዕከሉ፣ ከገበያ ማዕከሉ ወደ አፓርታማው ሲመላለሱ ይከርማሉ። ተወልደው ያደጉበትን አገር ባሕር ሳይነኩ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ልጆች አውቃለሁ።

የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። የልጆቻቸው ስም የጠፋባቸው ሰዎች የአንድ ትንሽ ደሴት ወደብ ስም አይጠፋባቸውም። አንዲት አሮጊት እጃቸውን ሳጥብ አባታቸው ስትሮሚንግ የምትባለውን ትንሽ ዓሣ በበርሜል ውስጥ ጨው ላይ ጨው እየነሰነሱ እንዴት እንደሚደረድሩ በጣታቸው ያሳዩኝ ነበር። እኔን ወደ ደሴቶቹ የመራኝ የእሳቸው ጣት ነው።

ለጀማሪ ኡቶን እመክራለሁ። በከተማው ባቡር እስከ ቬስተርሃኒንጌ፣ ከዚያ በአውቶቡስ እስከ ኦርስታ ወደብ፣ ከዚያ በመርከብ። ኡቶ የጥንት የብረት ማዕድን ደሴት ናት። ሥራው በ1879 ተዘግቷል፤ ጉድጓዶቹ ግን ውኃ ሞልቷቸው፣ በአጥር ተከብበው አሉ። ጥልቁ 215 ሜትር ይወርዳል። በአካባቢው ተከምሮ የቀረውን ድንጋይ አንሡት፤ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፣ ቀይና ጥቁር መስመሮች እንደ ጥለት ተደራርበውበታል። በ1817 አርፍቬድሶን የተባለ ስዊድናዊ ኬሚስት ከዚህች ደሴት የመጣ ሌላ ድንጋይ ሲመረምር እስከዚያ ያልታወቀ ንጥረ ነገር አገኘ፤ ሊቲየም። ሊቲየም በስልኩ ባትሪ ውስጥ እንዳለ ስነግረው የእህቴ ልጅ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ከድንጋዩ ጎን አስቀመጠና ሁለቱን እያገላበጠ ያይ ጀመር። በትምህርት ቤት ስለ ባትሪ ሲነገረው እንዲህ ሲያተኩር አይቼው አላውቅም።

ከማዕድን ሠራተኞቹ ጊዜ የቀሩት ትንንሽ ቀያይ የእንጨት ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ወደቡ አጠገብ ብስክሌት ይከራያል፤ የደሴቲቱ ዳቦ ቤት የሚጋግረው ጥቁር ዳቦ ቀናት ስለሚቆይ ለስንቅ ይሆናል። በ1719 የሩስያ ጦር የዚህን ዳርቻ ቤቶች አቃጥሎ አልፏል፤ አሁን በአብዛኛው የሚሰማው የብስክሌት ደወልና የወፍ ጩኸት ነው።

አጥብቄ የምለው ግን እደሩ ነው። አንድ ቀን ውስጥ ሦስት ደሴት ለማየት የሚሮጥ ሰው የሚያየው የመርከብ ሰዓት ማውጫ ብቻ ነው። የማታው መርከብ የቀን ጎብኚዎችን ይዞ ሲሄድ ደሴቱ ይለወጣል። በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ፣ የምትወጣውም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ በመካከሉም ሙሉ ጨለማ የለም። አይደር የምትባለው የባሕር ዳክዬ ጫጩቶቿን ይዛ ከሌሎች እናቶች ጋር ተቀላቅላ ዓለቱን ተጠግታ ትዋኛለች። በነሐሴ ለፍልሰታ ጾም የሚሄድ ደግሞ ሽሮውንና እንጀራውን ይዞ፣ ከእንግዳ ማረፊያው ማእድ ቤት አሙቆ መብላት ይችላል።

ውኃውን ቅመሱት። ጨዋማነቱ ከውቅያኖስ ስድስት እጥፍ ገደማ ያነሰ ስለሆነ የወንዝና የሐይቅ ዓሦች ከባሕሩ ዓሣ ጋር አብረው ይኖሩበታል። የተቀመጣችሁበት ዓለትም እየተነሣ ነው። በበረዶ ዘመን ኪሎ ሜትሮች ውፍረት ያለው በረዶ መሬቱን ተጭኖት ነበር፤ ሸክሙ ከቀለጠ ከሺህ ዓመታት በኋላም፣ ሰው ከላዩ እንደተነሣለት ፍራሽ፣ በዓመት ግማሽ ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ላይ ይመለሳል። እኚያ አሮጊት በልጅነታቸው ጀልባ የሚያስገቡበት ሰርጥ ዛሬ ሸምበቆ በቅሎበት በእግር ይሻገሩታል ቢሉኝ ይገባኛል።

በዝግታ መጓዝ ለባሕሩም ይጠቅማል፤ ባሕሩ ታሟል። ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በሐምሌና በነሐሴ ውኃውን አረንጓዴ በሚያደርግ መርዛማ አልጌ ይሞላዋል፤ እንዲህ ሲሆን ሕፃናት ውኃው ውስጥ መግባት የለባቸውም። ያም ሆኖ የተበላሸ ነገር ሊቃና እንደሚችል እዚሁ ታይቷል። ነጭ ጅራቱ የባሕር ንስር በዲዲቲና በፒሲቢ መርዝ ምክንያት ሊጠፋ ደርሶ ነበር። በ1970ዎቹ ኬሚካሎቹ ሲከለከሉና የተፈጥሮ ጠባቂዎች በክረምት ንጹሕ ሥጋ እያስቀመጡ ሲመግቡት አንሰራራ። አሁን ከመርከቡ ላይ ሆኖ ማየት የተለመደ ነው። ወፎች በሚፈለፍሉበት ወራት ሰው እንዳይጠጋ ምልክት የተተከለባቸውን ትንንሽ ደሴቶች ራቁ። ራቁት ዓለት ላይ እሳት አታንድዱ፤ ዓለቱ ይሰነጠቃል፣ ሕጉም ይከለክላል።

በጤና ሙያ ያለሁ ሰው እንደመሆኔ መዥገርን ሳልጠቅስ አላልፍም። ደሴቶቹ ላይ ብዙ ነው፤ የአንጎል ብግነት የሚያመጣ ቫይረስም ሊያስተላልፍ ይችላል። ክትባት አለው፤ ውጤቱ ወዲያው ስለማይመጣ ከበጋው በፊት ጀምሩት። ሱሪ በካልሲ ውስጥ ይግባ፤ ማታ ልጆቹን ከብብት እስከ ጉልበት እጥፋት፣ ከጆሮ ጀርባም ፈትሹ።

ማኅበሮቻችን ለእንቁጣጣሽ አዳራሽ ተከራይተው ያከብራሉ፤ ደስ የሚል ነው፣ ይቀጥል። ዘንድሮ ግን በዚያው ወር ከቅዳሜዎቹ አንዱን ለደሴት እንዲመድቡ እጠይቃለሁ። በመስከረም የመርከቡ መቀመጫ አይጣበብም፣ የማደሪያ ዋጋ ከሐምሌው ይቀንሳል፣ ጫካው ውስጥ ቢጫው እንጉዳይ ይገኛል፤ እንጉዳይ የሚያውቅ ሰው ግን አብሮ ይሂድ። ሽማግሌዎቹም ይምጡ፤ ከወደቡ እስከ ዳቦ ቤቱ ያለው መንገድ አጭር ነው፣ የሚቀመጡበት አግዳሚም አለ። ስም ዝርዝር የሚይዝ ሰው ከጠፋ እኔ እይዛለሁ።