ጠጉሩ ተመለሰ፤ ዘውዱስ?

ቼልሲ በሚባለው የለንደን ሰፈር የብሪታንያ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም አለ። ሙያው የታወቀ ነው፤ ጎራዴውን፣ ጠመንጃውን፣ ኒሻኑን፣ ከተሸነፈው ሰው የተገኘውን ሁሉ ሰብስቦ ሠራዊቱ የት የት እንደዋለ ማሳየት ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጉርም የዚሁ ቤት ንብረት ሆኖ 60 ዓመት ያህል ከኖረ በኋላ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጠ። ምክንያታቸው፣ ጠጉሩ የሰው አካል ስለሆነ ከንጉሠ ነገሥቱ አፅም ጋር ማረፍ ይገባዋል የሚል ነበር።

ደግ አደረጉ፤ አንክድም። እኛን የገረመን ሌላ ነው። ምርኮ መሰብሰብ ሥራው የሆነው የጦሩ ቤት ጠጉሩን ሲለቅ፣ ሥልጣኔና ጥበብ አስተምራለሁ የሚለው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ግን ከዚያው ከመቅደላ የሄደውን የወርቅ ዘውድና ጽዋ እስከ ዛሬ ጨብጦ ይዟል። በ2010 ዓ.ም. የመጣልን መልስ ምን ነበር? «ለረጅም ጊዜ እናውሳችኋለን!»

ውሰት! የገዛ ዕቃውን ከጎረቤት የሚዋስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እንዴት እንደሄደ እናስታውስ። የፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ገባ። ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ከዚያ ወዲያ የሆነው ጦርነት አይደለም፤ ገበያ ነው። ዘረፋው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደና በጨረታ ተሸጠ። ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ሆልምስ የሚባል ሰው አብሮ ዘምቶ ነበርና፣ ያንን ዘውድና ጽዋ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዛ። አራት ፓውንድ! እንግዲህ «ሕጋዊ ይዞታ» የሚሉን ይህን ነው።

ይህን ስናነሳ ከራሳችን መካከል የሚከራከሩን አሉ። ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ እግራቸውን አነባብረው፣ «ቴዎድሮስስ ቢሆን ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዘርፎ አይደል ያመጣው?» ይላሉ። አዎ፣ ዘርፈዋል። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥለዋል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሀብት አግዘዋል። ይህን መሸፋፈን አንፈልግም፤ ጀግና ነውና ጥፋቱ አይነሳ የሚል ታሪክ ለእኛ ታሪክ አይደለም። ግን ዘውዱ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ኢያሱ ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የሰጡት ነው። ታዲያ ከጎንደር ከተዘረፈ ባለቤቱ ጎንደር ነው እንጂ ለንደን ነው እንዴ? ሌባ ከሌባ ቢሰርቅ ሁለተኛው ባለመብት ይሆናል የሚል ሕግ የሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ካገኙ ያሳዩን።

ሌላው ደግሞ፣ «እዚህ ቢሆን ይጠፋ ነበር፤ እዚያ ግን ዓለም ሁሉ ያየዋል» ነው። ይሄኛው እንኳ ያናድደናል። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦታት አሉ። በክፍል ተዘግቶባቸው፣ ጎብኚ ቀርቶ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። ስለ ሃይማኖታችን አክብሮት ነው አሉ። መልካም፤ ግን ማንም የማያየውን ነገር «ለዓለም ዕይታ» ይዞ መቀመጥ ምን የሚሉት አማርኛ ነው? ደግሞስ ጨርሶ አይመለስም የሚባለው ከየት መጣ? ዐፄ ዮሐንስ ቢጠይቁ ክብረ ነገሥት ተመልሷል። በ1917 ዓ.ም. አንድ ዘውድ ለንግሥት ዘውዲቱ መጥቷል፤ ወርቁን አስቀርተው የብሩን ሰደዱ እንጂ። በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ አዲስ አበባ ሲመጡ የቴዎድሮስን ማኅተም ይዘው መጥተዋል። ማለት፣ ሲፈልጉ ይቻላል።

ሴባስቶፖል ብቻ አልሄደም። ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ በስንት ሰው ጉልበት ተጎትቶ አምባው ላይ የወጣው መድፍ ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድሟል። ምስሉ አዲስ አበባ አደባባይ ላይ ቆሟል፤ ያውም በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር በቸርችል ስም በተጠራ ጎዳና! በየቀኑ በታክሲ እናልፈዋለን፤ ከእኛ መካከል ቀና ብሎ ያየው ስንቱ ነው?

በሚመጣው የክርክር ምሽት «ውሰትም ቢሆን እንቀበል» ብላችሁ የምትነሱ ጓደኞቻችን፣ የውሰቱን ደረሰኝ ማን እንደሚፈርም አብራችሁ ንገሩን። እኛ አንፈርምም።