ቁልፍ ለሰጠህ ሁሉ አትሩጥ

ወንድሜ፣ መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ከወረኢሉ ኮምቦልቻ ልትወርድ ነው አሉ። እሰይ! ግን በሬ የተሸጠበት ፈቃድ ነውና ቀስ በል። ከደረቅ ወደቡ በባቲ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለስ መኪና ሞልቷል። አዲስ ተሳቢ አይተህ አትማለል፤ ይልቅ «መኪናው ቢገለበጥ ማን ያሳክመኛል?» ብለህ ጠይቅ። አዋጅ 1156/2011 ሥራ ላይ ለሚደርስብህ ጉዳት አሠሪህን ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል (ሰክረህ ከነዳህ ግን የለህበትም)። ውሉ በቃል ቢሆን እንኳ በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ፈርሞ መስጠት አለበት።

«እንደ ልጄ ነህ፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚልህ የአገርህ ሰው ቢሆንም አትፈር፣ ጠይቀው። እንዲያውም የሚብሰው እሱ ነው፤ በዝምድና አፍህን ይይዝሃል። መጀመሪያ አካባቢ ከነባር ሹፌር ጋር የሚያስነዳህ ካገኘህማ፣ ቢያጆው ቢያንስም እዚያ ግባ።