ጉዛራ የገበሬውም አደራ ነው

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ወርዶ፣ አዲስ ዘመንን አልፎ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው እንፍራንዝ አካባቢ ሲደርስ በኮረብታ ላይ የቆመ የድንጋይ ግንብ ያገኛል። ይህ በአርኖና በጋርኖ ወንዞች መካከል፣ ጣና ሐይቅን ቁልቁል በሚያሳይ ስፍራ የተሠራው የጉዛራ ቤተ መንግሥት ነው።

ግንቡን ያሠሩት ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ ሠርፀ ድንግል እንደሆኑ ይነገራል። ይህም አፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት መሆኑ ነው። ስለዚህ የጎንደርን ግንቦች አይቶ ጉዛራን ሳያይ የሚመለስ ጎብኚ ታሪኩን ከመካከል እንደ ጀመረ ይቆጠራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የጎንደር አካባቢ ሥራዎች መካከልም ጉዛራ ይገኝበታል።

ይህ ለገበሬ ማኅበር መሪ ምኑ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ጎብኚ አንድ ቀን አይቶ ያልፋል። በክረምትም በበጋም ከግንቡ ጋር የሚኖረው ግን በዙሪያው የሚያርሰውና ከብት የሚያግደው ገበሬ ነው።

ግንቡ የቆመው በድንጋይና በኖራ ነው። ኖራው ሲላላ ዝናብ ይገባል፤ በስንጥቁ የበቀለ ዛፍም ሥሩ ድንጋዩን ይፈነቅላል። እርከን የሠራ ገበሬ ይህን አያጣውም፤ ከሥሩ ድንጋይ የተነሳበት እርከን የአንድ ክረምት ጎርፍ አይችልም። ከግንብ የወደቀ ድንጋይ ለቤት መሠረት ወይም ለአጥር ከተወሰደ፣ ጠጋኙ ወደ ቦታው የሚመልሰው ያጣል። እርሻ ወደ ግንብ እግር ሲጠጋ ደግሞ አፈሩ ታጥቦ መሠረቱ ይገለጣል።

ስለሆነም በየአካባቢው ቅርስ ያላቸው ማኅበራት የእርሻና የግጦሽ ወሰን በስብሰባ ሊለዩ ይገባል። የወደቀው ድንጋይ ካለበት አይነሳ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መጠገንን ስለሚከለክል፣ ጥገናው ለባለሙያ ይተው። በእርሻ ወይም በቁፋሮ ቅርስ ያገኘም ሳይነካ ያስታውቅ።

በሌላ በኩል፣ ጠባቂው ገበሬ ከጉብኝት ገቢ ድርሻ ሊኖረው ይገባል። እንግዳ ተቀብለው ታሪኩን ሳያዛቡ የሚያስረዱ የአካባቢው ወጣቶች ቢሠለጥኑ ገቢው እዚያው ይቀራል። ጥቅም የሌለው ጥበቃ አይዘልቅምና።

በደብረ ታቦር አጠገብ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራበት ጋፋትም ይህንኑ ጥንቃቄ ይሻል። ዘንድሮ የጠፋ ሰብል ለከርሞ ይዘራል፤ የፈረሰ ግንብ ግን አይዘራም።