ልጅን አማላጅ አድርጎ የሚልክ ነጋዴ

እኩዮቼ፣ ከእኔ ጋር የሸበታችሁ፣ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ አድርሳችሁ አሁን ደግሞ የልጅ ልጅ የምትጠብቁ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ልቤ ከብዶኝ ነው። ነጋዴ ድሮም ነበረ፤ ዕቃውን ማሞገሱም የሥራው ወግ ነውና በዚያ አልከሰውም። ሲያሞግስ ግን ፊቱ ወደ እኛ ነበር፤ እኛም ኪሳችንን ዳብሰን፣ ዋጋ ተከራክረን፣ ጎረቤት አማክረን፣ ካልሆነም ትተነው እንሄድ ነበር። ዛሬ ፊቱን ከእኛ መልሶ ወደ አራት ዓመቱ ሕፃን አዙሯል፤ ሕፃኑን አባብሎ፣ አማላጅ አድርጎ ወደ ቤታችን ይልከዋል። ስንት ደም ያደረቅን፣ ስንት የተጣላ ባልና ሚስት ያስማማን ሽማግሎች በዚህ አማላጅ ፊት መቆም አቅቶናል፤ አማላጁ ያለቅሳልና፣ ደግሞም የራሳችን ሥጋ ነውና።

የሚያሳዝነኝ ነገሩ ለእኛ ትውልድ እንግዳ መምሰሉ ነው። የጣሳ ወተቱን ዘመን ረሳችሁት? በጣሳው ላይ የተሳለውን ጉንጩ የሞላ ድቡልቡል ሕፃን አይታ የራሷን ጡት የናቀች እናት ጥቂት አልነበረችም። ወተቱ ውድ ነውና እንዲበረክት በውኃ ይቀጥናል፤ ውኃው ያልፈላ፣ ጡጦው በቅጡ ያልታጠበ ይሆንና ሕፃኑ በተቅማጥ ደርቆ ያልቃል። ይህ የአንድ አገር መከራ አልነበረም፤ በአፍሪካም በእስያም በላቲን አሜሪካም የድሃ ቤት ቀምሶታል። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ የተነሡ ሰዎች የዱቄት ወተት ሻጩን የኔስሌን ዕቃ አንገዛም ብለው አደሙ፤ በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ በ118 ድምፅ፣ በአሜሪካ ብቻ ተቃውሞ፣ የእናት ጡት ወተት ምትኮችን ሽያጭ የሚገዛ ደንብ አጸደቀ። በደንቡ ውስጥ ካሉት ቃሎች አንዱ በዱቄት ወተቱ ጣሳ ላይ የሕፃን ሥዕል አይኑር ይላል። ሥዕል ምን ያደርጋል የሚል ሰው ካለ፣ ያች አንዲት ዐረፍተ ነገር እስክትጻፍ ድረስ ስንት ትንሽ መቃብር እንደተቆፈረ ቆም ብሎ ያስብ።

ቀጥሎ ቢራው መጣ። የውጭ ኩባንያዎች ጠማቂዎቻችንን መግዛት ሲጀምሩ፣ ሐይንከን በደሌንና ሐረርን፣ ዲያጆ ሜታን ሲይዝ፣ የገበያው ሽሚያ ጦፎ በቴሌቪዥን የበዓል ዝግጅታችን ሳይቀር በጠማቂዎች አቅራቢነት የሚታይበት ጊዜ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። የጠላ ሽታ እንኳ የማያውቁ ሕፃናት ገመድ እየዘለሉ የቢራ ዜማ ያዜሙ ነበር፤ ታላላቆችም ቃሉን ሳያዛንፉ በመያዛቸው ተደንቀው ያጨበጭቡላቸው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሲወጣ የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወጣ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥም ተከለከለ፤ የትምባሆ ማስታወቂያም ተዘጋ። ገቢያችን ተነካ ብለው ያጉረመረሙ ጣቢያዎች ነበሩ፤ ሕጉ ግን የሚያስመሰግን ነበር። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ገመድ እየዘለለች ያን ዜማ የለመደችው ልጅ ሕጉ ሲደርስ ኮረዳ ሆናለች። ሕግ እንዲህ ነው፣ የሚደርሰው አንድ ትውልድ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያለፈውንም ትውልድ ተመልሶ አያሳድገውም።

አሁን በየቤታችን ያለውን እዩ። ልጁ እንዲበላ ስልክ ይሰጠዋል፣ እንዳያለቅስ ስልክ ይሰጠዋል፣ እንግዳ ሲመጣ ዝም እንዲል ስልክ ይሰጠዋል። አንድ ቤት ተቀምጬ ከጎኔ ያለች ሕፃን የምታየውን አብሬያት አየሁ። ፊት የሌለው ሰው ነው፤ ጥፍራቸው ቀለም የተቀባ ሁለት እጆች ብቻ ይታያሉ። እጆቹ እንቁላል የሚመስል ቸኮሌት ያነሣሉ፣ የሚያብለጨልጨውን ወረቀት ቀስ ብለው ይገፍፉታል፣ ከሆዱ አንዲት አሻንጉሊት ያወጣሉ፣ ከዚያ ሌላ እንቁላል ይነሣል። ተረት የለው፣ ጅብና አህያ የሉበት፣ መጀመሪያና መጨረሻ የለው። ሕፃኗ ግን ትንፋሿን ውጣ ቀጣዩን ትጠብቃለች። እናቷ «ካርቱን እኮ ነው፣ አባባ» አለችኝ። ካርቱን አልነበረም፤ ከዳር እስከ ዳር ሸቀጥ ነበር። ማስታወቂያ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ አላየሁበትም፤ ቢጻፍስ ፊደል ያልቆጠረች ልጅ ምን ልታነብ?

የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ ከአራትና ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ዝግጅቱንና በመካከሉ የሚገባውን ማስታወቂያ አጥርቶ እንደማይለይ፣ ከስምንት ዓመት በታች ያለውም ማስታወቂያው ሊያሳምነው እንደሚሻ እንደማይረዳ አስረድተዋል። ይህ እንግዲህ ጨዋታ አይደለም፤ አንዱ ወገን ዓይኑን ገልጦ ሌላው ዓይኑን ተጨፍኖ የሚገባበት ገበያ ነው፤ በእኛ ዳኝነት ቢቀርብ እንዲህ ያለውን ውል ፈራሽ እንለው ነበር።

አሜሪካኖች ይህን ቀድመው አውቀውታል፣ ቀድመውም ተሸንፈዋል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው በ1978 ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚነገር የቴሌቪዥን ማስታወቂያ እንዲከለከል፣ ጥርስ የሚያበላሽ ጣፋጭም ለሕፃናት እንዳይተዋወቅ ሐሳብ ቀርቦለት ነበር። የከረሜላው፣ የቁርስ እህሉና የአሻንጉሊቱ ነጋዴ በአንድነት ተነሣ፤ ዋሽንግተን ፖስት ሳይቀር ኮሚሽኑን የአገር ሞግዚት ሊሆን ነው ብሎ ተሳለቀበት። በ1980 ኮንግረሱ ሥልጣኑን ቀማው። ከዚያ በኋላ የሆነውን የምነግራችሁ እኛም በዚያው መንገድ ላይ ስላለን ነው፦ ብዙም ሳይቆይ አሻንጉሊቱ አስቀድሞ እየተሠራ፣ ፊልሙ ለአሻንጉሊቱ ማሻሻጫ ይዘጋጅ ጀመር። ሂ-ማን የተባለው ጡንቸኛ በመጀመሪያ በሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ በ1983 ደግሞ በቴሌቪዥን የታየው እንዲህ ነው። በታሪክና በሸቀጥ መካከል የነበረው ወሰን ያኔ ፈረሰ፤ ያች ሕፃን የምታያቸው ሁለት እጆች የዚያ ፍርስራሽ ልጆች ናቸው።

ክልከላ ያወጣ አገርም ሁሉንም በር መዝጋት አልቻለም፦ ስዊድን ዕድሜው ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሚነጣጠር የቴሌቪዥን ማስታወቂያን ከልክላ ሳለ፣ ከለንደን የሚተላለፍ ጣቢያ ማስታወቂያውን በስዊድን ሳሎኖች ውስጥ ያስገባ ነበር። እኛ ዘንድ በልጆች ስልክ ከሚታየው ስንቱ ከአገር ውስጥ ይሠራጫል?

ማሊያውንም እዩ። መርካቶ በሚሸጠው የልጅ ማሊያ ደረት ላይ የቁማር ድርጅት ስም ታትሞ አያለሁ። በእንግሊዝ አገር በልጅ ልክ በሚሰፋው ማሊያ ላይ የቁማር ስም እንዳይኖር ተወስኗል፤ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦችም የአዋቂውን ማሊያ ደረት ከ2026 ጀምሮ ከቁማር ሊያጸዱ ተስማምተዋል። የማሊያው ባለቤቶች ለልጆቻቸው ያልፈቀዱትን የእኛ የሰባት ዓመት ልጅ ለብሶት ትምህርት ቤት ይሄዳል። ነገ ቤቲንግ ቤት በር ላይ ወረቀት ጨብጦ ሲገኝ ማን አሳየው ብለን ጮኸን እንጠይቅ ይሆናል፤ ስሙን በደረቱ ላይ ተሸክሞ ያደገ ልጅ ግን መንገድ የሚያሳየው አያሻውም።

ከዚህ በኋላ የምፈራው የልጁን ጥርስ መበስበስ ብቻ አይደለም። የምፈራው የእናቱን ፍቅር በምትገዛለት ቺፕስ የሚለካ ልጅ ነው፤ የቤቱን ድህነት ሳያውቅ የድህነቱን ኀፍረት የሚማር፣ የቀን ሠራተኛ አባቱ ባዶ እጁን ሲገባ ፊቱን የሚያዞርበት ልጅ። እንዲህ ያለው ልጅ ሲያድግ ቁጡ ይሆናል፤ የቁጡ ጎልማሶች አገር ምን እንደሚመስል ደግሞ ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም።

ሆኖም ጊዜው አላለፈም። ኩቤክ ከ1980 ጀምሮ ዕድሜው 13 ላልሞላ ልጅ የሚነጣጠር የንግድ ማስታወቂያን ከልክላ ይዛለች፤ ነጋዴዎች ቢከሱም የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 ሕጉን አጸናው። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ከቁርስ እህል ካርቶን ላይ ልጅ የሚያባብለውን የነብር ሥዕል አስወርዳ ስኳር የበዛበትን ምግብ ጥቁር ምልክት አስለጠፈችበት። አውሮፓውያን በ2022 ባወጡት ሕግ የሕፃናትን መረጃ ለቅሞ ማስታወቂያ ማነጣጠርን ከልክለዋል። የእኛ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሲጻፍ ስልክ በሕፃን እጅ ብርቅ ነበር፤ ዛሬ አዋጁ በስልክ የሚመጣውንም ጨምሮ እንደገና እንዲታይ የሚጠይቅ ሽማግሌ ያስፈልጋል። በዕድር ስብሰባ አንሡት፣ በወላጅ ኮሚቴ አንሡት፣ ለምክር ቤት ተወካያችሁ ጻፉ።

ወጣቶቹን ወላጆች ግን አትውቀሱ፤ ከሥራና ከታክሲ ሰልፍ ደክመው ነው የሚገቡት፣ ስልኩንም የሚሰጡት ትንሽ ለመተንፈስ ነው። እነሱ እስኪያርፉ ልጁን እኛ እንቀበላቸው፤ ተረትም እኛ ዘንድ አልጠፋም። ስልኩን ስትወስዱበት ካለቀሰ ያልቅስ፤ በዚህ ዕድሜዬ አልቅሶ አልቅሶ ዝም ያላለ ሕፃን አላየሁም።